በራችንን ያንኳኩት የምክር ቤት አባል

ብራያርክሊፍ መንገድ አጠገብ በነበረው አፓርትመንታችን የቤት ማሞቂያው ሂተር ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ካፖርቴን እንደለበስኩ ከፈትኩ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ፊታቸው ቀላ ያለ አንድ ፈረንጅ አዛውንት ቆመዋል። የአካባቢያችን ምክር ቤት አባል እንደሆኑና ዳግመኛ ሊወዳደሩ እንደሆነ ነገሩኝ።

«እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ መምረጥ አልችልም» አልኳቸው፣ ቶሎ እንዲሄዱልኝ።

ካፖርቴን አየት አደረጉና፣ «ድምፅ ባይኖርሽም ይበርድሻል አይደል?» አሉኝ።

አስገባኋቸው። ሂተሩን አይተው ሲያበቁ የጎረቤቶቼን በር አብረን አንኳኳን። ደረጃውን ስንወጣና ስንወርድ፣ ቅድመ አያታቸውን ረሃብ ከአየርላንድ እንዳሰደዳቸው፣ እዚህ ሲደርሱም ቤት የሚያከራያቸው አጥተው እንደተንከራተቱ አጫወቱኝ። እሳቸው ራሳቸው የአውቶቡስ ሹፌር ሳሉ የሠራተኛ ማኅበር ሲያደራጁ ነው ፖለቲካ ውስጥ የገቡት። የምክር ቤት ባልደረቦቻቸው «አክራሪው ሊበራል» ይሏቸዋል። ለስድብ እንደሆነ ቢያውቁም እንደ ማዕረግ ይቀበሉታል።

ያን ምርጫ አሸነፉ። ወዲያው አከራዮች የተበላሸ ሂተር በቶሎ እንዲያሠሩ የሚያስገድድ ደንብ አቀረቡ። እኔም በተገኘሁበት የመጀመሪያው ስብሰባ ደንቡን ደግፈው እጃቸውን ያወጡት ብቻቸውን ነበር። እኔ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ «በሚቀጥለው አንቺ ትናገሪያለሽ» አሉኝ።

ሳንዲ ስፕሪንግስ ከምሠራበት ሆስፒታል ሺፍቴን ጨርሼ፣ የሥራ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ወደ ቀጣዩ ስብሰባ ሄድኩ። ማይኩ ፊት ስቆም እንግሊዝኛው ድራሹ ጠፋ።

«በቋንቋሽ ተናገሪ» አሉኝ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው።

በአማርኛ ተናገርኩ፤ አብረውኝ የመጡት የቸርቻችን ሽማግሌ ተረጎሙልኝ። ልጄ ጓንት አጥልቃ የቤት ሥራዋን እንደምትሠራ ነገርኳቸው። ደንቡ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

በቀጣዩ ምርጫ አከራዮቹ ተባብረው ሌላ ተወዳዳሪ አቆሙባቸው። እኔ በዚያው ዓመት ዜግነት አግኝቼ ስለነበር በዕድሜዬ የመጀመሪያ የሆነውን ድምፅ ለእሳቸው ሰጠሁ። ተሸነፉ። በማግስቱ አቮንዴል እስቴትስ ወዳለው ቤታቸው ላጽናናቸው ስሄድ ጓሮ ውስጥ ቲማቲም ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይተው፣ «ቸርቻችሁ ውስጥ ዜጋ ሆኖ ለመምረጥ ያልተመዘገበ ስንት ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ብዙ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እሁድ እመጣለሁ።»

መጡም። ከአምልኮ በኋላ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ እሳቸው የመራጭነት ምዝገባ ቅጹን ያሳያሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። አረጋውያኑን «እንደምን ዋሉ» ለማለት ሲታገሉ ሰዉ በሳቅ ይፈነዳል፤ እየሳቀም ይፈርማል። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ አንድም እሁድ አልቀሩም።