ጥቁር ገብስ በብድር

የቅጹ ራስ ላይ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ በግራ «ለጋሽ»፣ በቀኝ «ተቀባይ»። የማባዣ ስቴንስሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አምቦ ውስጥ በአንድ የእርሻ ቢሮ በታይፒስትነት በተቀጠርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ኃላፊያችን በእርሳስ ያሰመረውን ወረቀት ሰጠኝና አባዛሁት፤ ሲያልቅ እንደገና ቆረጥኩ። ከውጭ አገር የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ማረሻም ሆነ የስንዴ ዘር፣ የውሃ ፓምፕም ሆነ የከብት መድኃኒት፣ በዚያ ቅጽ ላይ ሳይሰፍር ከመጋዘን አይወጣም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግራ በኩል የምጽፋቸው አገሮች ሁሉ ከስማቸው በፊት «ወንድም» የሚል ማዕረግ ነበራቸው። ለጋሽ፦ ወንድም የእንትን ሕዝብ። ተቀባይ፦ የእንትን ቀበሌ ገበሬ ማኅበር። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ግን ስማቸው በሬዲዮ ለእርግማን ብቻ ይጠራ የነበሩት አገሮች መኪኖች በጊንጪ በኩል ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። የመጀመሪያውን ጭነት ስጽፍ እጄ ታይፑ ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ እነዚህንስ ምን ልበላቸው? እነሱም ወንድም ናቸው?»

ኃላፊያችን መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አየ። ጎንደሬ ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ ትእዛዝ ሳይመጣ ቃል መለወጥ የማይወድ ሰው። «ወንድሙን ተዪው። ለጋሽ ናቸው፣ ለጋሽ ደግሞ በግራ ነው። በግራ ጻፊያቸው።»

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ ሰምተውናል። «ኢምፔሪያሊስቱን ግራ ዘመም አደረገችው!» አሉ። «ይህን አብዮቱ ራሱ አልቻለም።»

ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ እየሠራሁ በማታ ትምህርት እያዘገምኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃልን ዘልሎ አያልፍም፤ እያንዳንዱን ረግጦ ነው የሚሄደው። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን ስንት መቶ ጊዜ ጽፌአቸው፣ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

አንድ ታኅሣሥ ላይ የገብስ ተመራማሪ የሆነ ፈረንጅ መጣ። መኪናው ባዶ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በመስኮት አጮልቀው «ምን ይዞ መጣ?» ሲሉ ኃላፊያችን ግራ ገብቶት «ሊወስድ ነው የመጣው» አላቸው። በፈረንጁ አገር ገብሱን ቅጠሉን ቢጫ እያደረገ የሚጨርስ በሽታ ገብቶ ኖሯል። የእኛ ደጋ ገብስ ያንን በሽታ እንደሚችለው በመጽሐፍ አንብቦ፣ ዘር ለመለመን አገር አቋርጦ መጣ። እንዲሰጠው ከበላይ ተፈቅዷል፤ የሚቀረው ገብሱን ማግኘት ነው። ለመጠየቅ የመጣ ፈረንጅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ኃላፊያችን ኦሮምኛ አይችልም። እኔ የደንዲ ልጅ ስለሆንኩ ታይፑን ትቼ ተከተልኩ። ከጊንጪ ጎጆ ወደሚባለው ደጋ የሚወስደውን መንገድ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን መኪናውን እየገፋን ወጣን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ያደረሱን ባላቸው ከሞቱባቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው አንዲት ሴትዮ ደጅ ነው። አገሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው። ሌላው ገበሬ ከቢሮ ወደሚታደለው ነጭ ዘር ሲዞር፣ አጭሩን ጥቁር ገብስ ያልተዉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ነገሩን አስረዳኋቸው። አዮ ፈረንጁን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ አዩት።

«ምን ያህል ነው የሚፈልገው?»

«ሁለት እፍኝ ይበቃኛል ይላል።»

«ለሁለት እፍኝ ባሕር ተሻገረ? የቸገረው ሰው ነው። ይውሰድ፤ ግን ሊቂ ነው።»

ሊቂ ብድር ነው። ብድር ብዬ ለኃላፊያችን ነገርኩት፤ እሱ በእንግሊዝኛ ለፈረንጁ አስተላለፈ። የፈረንጁ ፊት ተለወጠ። ረጅም ነገር ተናገረ፣ እጁንም አወናጨፈ። ኃላፊያችን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድርጅታቸው ገንዘብ አያበድርም በያቸው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የላቸውም፤ በጣም አዝናለሁ ይላል።»

አንዱንም ቃል ሳላስቀር ለአዮ አደረስኩ። አዮ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሊቀ መንበሩን አዩ።

«ገንዘብ? ገንዘብ ማን ጠየቀው? አበዳሪዋ እኔ ነኝ እንጂ!»

ሊቀ መንበሩ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ አጥሩ ዞሩ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ስሕተቱ በእኔ አፍ ያለፈ ነው። አዮ በዝግታ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸውና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዘርን «ሰኚ» ነው የሚሉት። እንዲህ አሉ፦

«ሰኚ አይሸጥም፤ አይለገስም፤ ይበደራል። የእኔን ውርጭ የመታው ዓመት ከጎረቤቴ እወስዳለሁ፤ የእሷን የመታው ዓመት ከእኔ ትወስዳለች። ዘር በአንድ ቤት ብቻ ከተቀመጠ ይጠፋል። ይኸው ነው ሕጋችን። ይህስ ሰው ከጎረቤቴ በምን ይበልጣል?»

ኃላፊያችን ይህንን ሲተረጉም ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ቃል ጠፍቶት እንደሆነ፣ ሌላ ነገር ይዞት እንደሆነ አላወቅኩም። ፈረንጁ እስከ መጨረሻው ሰማና ባርኔጣውን አወለቀ። «እሺ» አለ፤ ከአማርኛ የሚያውቃት ይህችን ብቻ ነበር።

«እሺ አይበቃም» አሉ አዮ። «በወረቀት ይሁን።» ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ አልኳቸው።

ሁለት እፍኝ ገብስ ሰፍረው በጨርቅ ቋጠሩና ለፈረንጁ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ ብለሻል። ወረቀቱ ላይ እንዳልኩት ተጽፎ ሲፈርም ስጪው። ካልፈረመ ዘሬን ይዘሽልኝ ነይ።» እሺ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

በማግስቱ ጠዋት አምቦ ላይ ቋጠሮውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ጽሑፉን ጀመርኩ። በግራ፣ ለጋሽ ከሚለው ሥር፣ የአዮን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። በቀኝ፣ ተቀባይ ከሚለው ሥር፣ የፈረንጁን ተቋም። ከዚያ «አይለገስም» ያሉት ትዝ አለኝና ወረቀቱን ከታይፑ አወጣሁት። አዲስ ስቴንስል ቆረጥኩ፤ በግራ «አበዳሪ»፣ በቀኝ «ተበዳሪ»። ከታች ደግሞ እንዲህ አከልኩ፦ «የአበዳሪዋ ዘር የጠፋ እንደሆነ ተበዳሪው ያንኑ ዘር ሳይለውጥ በራሱ ወጪ ይመልሳል።»

ኃላፊያችን አንብቦ ሲጨርስ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ጓዲት፣ ይህ ምንድን ነው? ይህን የሚያህል ተቋም ተበዳሪ ይባላል?»

«ተበድሮ የለ?»

«ቅጹ የሚለው ለጋሽ አገር ነው። ሴትዮዋ አገር ናቸው?»

«እስከ ዛሬ በቀኝ በኩል የጻፍኩት ገበሬ ማኅበርም አገር አልነበረም።»

«ይህ ዲፕሎማሲ ነው እኮ! የሁለት እፍኝ ገብስ ነገር አይደለም። የበላይ አካል ቢያየው ምን እላለሁ?»

«እኔም ዲፕሎማሲ ነው እያልኩ ነው» አልኩት። «የማይጻፍ ከሆነ ቅዳሜ ወደ ጎጆ የሚሄድ መኪና አለ፤ ቋጠሮውን እመልሳለሁ። ቃል ገብቻለሁ።»

ኃላፊያችን ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደጅ የቆመውን ባዶ መኪና አየ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ እንግዳው ወደተቀመጠበት ክፍል ገባ። በሩን አልዘጋውም። መስመር በመስመር ሲተረጉምለት ሰማሁ። «ተበዳሪ» ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን አልዘለለውም። ፈረንጁ ብዕር ጠየቀ። ሲወጣ ኃላፊያችን ፊቱ በርቶ ነበር።

«ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሠላሳ ዓመት ስምምነት ስፈርም መልስ ተብዬ የፈረምኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው› አለኝ።»

ቋጠሮውን በሁለት እጄ ለፈረንጁ ሰጠሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ሰው ዘግይቶ ዘራ፤ እሸቱ ሳይጠና የጥቅምት ውርጭ ጎጆን ከዳር እስከ ዳር መታው። አዮ በእህል መኪና ላይ ተጭነው ራሳቸው አምቦ መጡ። ቢሮ ገብተው ቁጭ አሉና፣ የተሰጣቸውን ውኃ እንኳ ሳይነኩ፣ «አንዲት ፍሬ አልተረፈኝም። ብድሬን» አሉ።

ደብዳቤውን እኔ አረቀቅኩ፤ ኃላፊያችን በዚያው ሰዓት ፈረመው። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ወጪ ቁጥር እየሰጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ፈረንጅ ሲያበድር አይቻለሁ። ሲመልስ ግን በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም።»

ጥርና የካቲት በዝምታ አለፉ። በሬዲዮ ታላላቆቹ መንግሥታት ጠብ ትተው መጨባበጥ ጀመሩ ይባላል፤ በግራ በኩል ወንድም እያልኩ የምጽፋቸውም ባለሙያዎቻቸውን እየጠሩ ወደ አገራቸው ይመልሱ ነበር። እኔ የማዳምጠው የፖስታ ቤቱን ሰው ብቻ ነው። አዮ የመዝሪያቸውን ቀን ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰኔ ካልደረሰ፣ ከእናታቸው የወረሱት ዘር በሰው አገር ጓዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ግንቦት መባቻ ላይ መጣ። በሁለት እፍኝ ፈንታ ሩብ ኩንታል ይሆናል፤ በከረጢት ተሰፍቶ፣ ታሽጎ። አብሮት ለፊርማ የሚመለስ የመረከቢያ ወረቀት አለ። በዚያው ሳምንት ኃላፊያችንና እኔ ጎጆ ወጣን። አዮ ከረጢቱን ፈትተው አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ።

«ይመስላል።»

«እንግዲያ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አልኳቸው።

«ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አልኩ? ዘር በከረጢት አይታወቅም። ይዘራ፤ ያሽት፤ ከዚያ እፈርማለሁ።»

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረ፤ ሊለምናቸው የፈለገ መስሎኝ ነበር። «ልክ ናቸው» አለ፤ ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከተቋሙ በሐምሌ የማስታወሻ ደብዳቤ መጣ፤ ፊርማው አልደረሰንም የሚል። በነሐሴ መጨረሻ ሌላ። መልሱን እኔ ጻፍኩ፤ ኃላፊያችን በእንግሊዝኛ አዘጋጀው፦ «አበዳሪዋ የተመለሰላቸው የራሳቸው ዘር መሆኑን ገና አላረጋገጡም። ሲያረጋግጡ እናሳውቃለን።» ማኅተም ሲያደርግበት እየሳቀ «ይህን ለመጻፍ እኮ ነው የተማርኩት» አለ።

ሦስተኛው ደብዳቤ በጥቅምት ደረሰ። ኃላፊያችን ቆሞ አነበበው፤ ተረጎመው፤ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌም እንዲሰሙ ደገመው። ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ እንጠብቃለን።

በዚያ ቢሮ የሠራሁት ዓመት ሁሉ ስንጠብቅ ነበር፤ መኪና ስንጠብቅ፣ ፈቃድ ስንጠብቅ፣ እንዲህ ይሁንላችሁ እስክንባል ስንጠብቅ። ያን ቀን ባሕር ማዶ ያለ ተቋም የአንዲት የጎጆ ገበሬ ጥርስ ምን እንደሚል እየጠበቀ ነበር። ሽማግሌው ደብዳቤውን ከኃላፊያችን እጅ ተቀብለው ማኅደር ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት። «ተሸንፌአለሁ» አሉኝ።

ኅዳር ላይ ጎጆ ስንደርስ የአዮ እርሻ ጠቁሮ ቆሟል። ጎረቤቶቻቸው፣ ዘር የጠፋባቸው ሴቶች፣ ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል። አዮ ወደ መሐል ገቡ። አንዱን ዘለላ በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት፣ አኘኩት። ቀጥለው ከሌላ ቦታ ሌላ ዘለላ። ሦስተኛውን ሲያኝኩ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ኢሱመ» አሉ። ራሱ ነው።

እልልታው ከእርሻው ዳር ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። አዮ ወረቀቱን ከኃላፊያችን ተቀብለው፣ በመሠረተ ትምህርት የተማሩትን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ስማቸውን ሙሉ ጻፉ። «እንግዲህ ብድሩን ከፍሏል ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። «ሲቸግረው ደግሞ ይምጣ።»

ኃላፊያችን ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ በትንፋሹ አሞቀውና እዚያው እርሻው ላይ፣ በመኪናው ኮፈን ላይ መታው። ሴቶቹ አዮን ከበዋቸው ነበር፤ አንዷ እጃቸውን ይዛ «የእኔስ ስንት እፍኝ ነው?» ትላለች፣ አዮም «ተሰለፊ እንጂ!» እያሉ ይገፏታል።