ኖር ያልተባለች ሴት

ከፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ደጅ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ባለጉዳይ፣ ሰው በመጣ ቁጥር "ኖር!" እያለ ብድግ ይላል፤ መጪውም "በእግዜር፣ በእግዜር" እያለ ይቀመጣል። ለመሬት ክርክር የመጣችው አምለሰትም ከጧት ጀምሮ ስትነሣና ስትቀመጥ አርፍዳለች።

አንዲት ሴትዮ ስትመጣ ግን የተነቃነቀ አልነበረም። ባሏ "አመነዘረች" ብሎ እንደ ከሰሳት፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ክሱን ራሱ እንዳነሣው አምለሰትም ሰምታለች። ዛሬ ጉዳይ የላትም። ቢሆንም ቢጫ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ መጣች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ባሏ በዱላ ሲሰብራቸው መንደሩ "ሚስቱን ቀጣ" ብሎ አልፎታል። ለእሱ ዛሬም ብድግ ይሉለታል፤ ነውረኛዋ እሷ ናት።

"ደግሞ ምን ልትሆን መጣች?" አሉ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዙረው።

"ስከሰስ አይታችሁኝ የለ፣ አባቴ? ነጻ ወጥቼም እዩኝ ብዬ ነዋ!"

ከዚያ ባለጉዳዮቹ እንደ ተቀመጡ ፊታቸው ቆመች። ሁሉም የተነሣላት ይመስል እነዚያን ጣቶች ዘርግታ እጅ ነሣች፤ ድምጿንም ከፍ አደረገች።

"በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ እኔ ሞቼ ልገኝ፣ አትነሡ!"