ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ጫልቱ አጥር

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከሙሽራይቱ ጋር የሚገባበትን ቤት እንዳይለት ብሎ የካ ድረስ ወሰደኝ። የሚመረግበት ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ኖሮ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ፣ እርሾ እርሾ የሚል ሽታው ገና ከግቢው ሳልገባ ተቀበለኝ። ልጆቹ ውሃው ይርቅ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ደህና ሰው እንደሆነ እየተቀባበሉ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ እንጦጦ ላይ ጎጆአችንን ሲመርግ የሸተተኝ ይኸው ሽታ ነበር።

አገራችን ቡልጋ ነው። ከብት ባለቀበት በዚያ ክፉ ዘመን የአባቴ በሬዎች ተከታትለው ወደቁ። እሱም ቀንበሩን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ እናቴ ከኋላው ዕርፉን ይዛ ሊያርሱ ሞከሩ፤ መሬቱን ግን ከመጫር አላለፉም። ያን ዕለት አባቴ ቀንበሩን እማሳው ላይ ጥሎት ገባ፤ ተመልሶም አላነሣው። ንጉሡ ባሉበት በእንጦጦ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው ይፈለጋል፣ ከግብር ማዕድ የተረፈም ለድኃ ይሰጣል ሲባል ሰምተን፣ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ገና ጡት ያልጣለው ወንድሜ ማሞ ተነሣን። በየመንገዱ ያየሁትን ሁሉ አልናገርም። እናቴ አንዳንድ ቦታ ስንደርስ በነጠላዋ ዓይኔን ትሸፍነኝ ነበር፤ ሽታውን ግን በምን ትሸፍነው!

የካ ስንደርስ ጥዱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ምንጩ ከድንጋይ ሥር ኩልል የሚል ቦታ አገኘን። አንዲት ረጅም የኦሮሞ ሴት ውሃ ስትቀዳ አየችንና እንስራዋን አስቀምጣ፣ በቅል ቀድታ አጠጣችን። ጫልቱ ትባላለች። ከብቶቿ አልቀው በረቷ ባዶውን ቀርቷል። በተሰባበረ አማርኛ፣ ከአጥሯ ሥር ያለውን ሜዳ እያሳየች፣ «እዚህ ሥሩ፤ እንጨት አለ፣ ውሃ አለ» አለችን።

«ኧረ አንቱ፣ ከዚህ የተሻለ ምን እንፈልጋለን? ሴትዮዋም ደግ ናት፤ እዚሁ እንቅር» አለች እናቴ።

«ቋንቋዋን አታውቂ፣ ወገኗን አታውቂ። እላይ የአገራችን ሰው አለ። ቢቸግረን ለማን ነው የምንጮኸው?» አላት አባቴ።

«የአገራችን ሰውም እኮ ተርቦ ነው የመጣ።»

አባቴ ጭነቱን አንሥቶ ዳገቱን ያዘ፤ እኛም ተከተልነው።

እላይማ የሚያየው የሰው ብዛት አባቴን አስደስቶት ነበር። ጎጆ ከጎጆ ተጠጋግቶ፣ ጭስ ከጭስ ተደባልቆ፣ ጥዱም ተጨፍጭፎ ጉቶው ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ ከቡልጋ ሰዎች መሃል ጎጆ ቀለሰና፣ በሩን ሆን ብሎ ወደ ቤተ መንግሥቱ አዞረው፤ ለካ ነፋሱም የሚነሣው ከዚያው ኖሯል። በመጀመሪያው ዶፍ ግማሹ ክዳን ተገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ሲያርፍ፣ እናቴ እየተንቀጠቀጠች፣ «እሰይ፣ ቤታችን ዘመድ ጥየቃ ሄደ!» ብላ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው መጨረሻው።

ክረምቱ ሲጠና ተስቦ ሰፈሩን ያዘው። መጀመሪያ ማሞ አተኮሰውና ጡት ተወ፤ ሲሞት አባቴ በጋቢው ጠቅልሎ ብቻውን ወስዶ ቀበረው፤ ተመልሶ መጥቶ እሱም ተኛ። እናቴ ደጅ ወጥታ የአገሯን ሰዎች በየስማቸው ተጣራች። ጨክነው አልነበረም የቀሩት፤ በየቤቱ የተኛ ነበረ፣ የቆመውም በሽተኛውን ጥሎ አይወጣም።

አባቴ የተሻለው በመሰለን ጠዋት እናቴን ጠራት።

«የዚያች ሴትዮ አጥር… መንገዱ አይጠፋሽም?»

«አይጠፋኝም።»

«በይ ልጅቷን ይዘሽ ውረጂ።»

እናቴ ግን ነፍሱ እስክታልፍ ጠብቃ፣ ሁለት ቄሶችና አንድ መንገደኛ አግኝታ አስቀበረችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወረድን።

ጫልቱ ከአጥሯ ውስጥ ሆና አየችን፤ አወቀችንም። ልጆቿ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ባልሽስ?» አለች።

እናቴ አልዋሸችም። «ሞተ። ሕፃኑም ሞተ። ተስቦ ነው። እኛም ይዞን ይሆናል።»

ጫልቱ ልጆቿን እየነዳች ወደ ቤቷ ገባችና መዝጊያውን ዘጋች። እናቴ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የምንሄድበት አልነበረንም። ቆይቶ በሩ ተከፈተና ጫልቱ ጭድ ታቅፋ ወጣች፤ በሩቁ አልፋን ባዶው በረት ውስጥ አነጠፈችውና ራቅ ብላ ቆመች።

«ኮታ» አለች፤ ኑ ማለቷ ነው። «እስክትድኑ እዚያ። ልጆቼ ጋ እንዳትመጡ።»

እዚያ በረት ውስጥ ታመምኩ። ጫልቱ የገብስ ቂጣና ውሃ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ተጣርታ ትመለሳለች፤ እናቴ ወጥታ ታነሣለች። ለልጆቿም የሚበቃ እንዳልነበራት ያወቅሁት አድጌ ነው። ድኜ በእግሬ ስወጣ፣ መጥታ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችና የማልረዳውን ብዙ ነገር ተናገረች። ከአጥሯ ሥር ጎጆ ቀለስን፤ ቋንቋዋን ተማርኩ፤ ከዚያው ግቢ ተዳርኩ።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርድ የእንጦጦው ሰው ተከትሎ ወረደ። ከዓመታት በኋላ የአባቴንና የማሞን መቃብር ፍለጋ ከእናቴ ጋር ወጣን። ሰፈራችን የነበረበት ባሕር ዛፍ ሆኗል። እናቴ አንዱ ጋ ቆማ «እዚህ ነው» ትላለች፤ ጥቂት ትሄድና «አይ፣ እዚህ ይሆናል» ትላለች። በመጨረሻም ለየትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ሰግዳ ተመለስን።

አሁን እሷም ጫልቱም የሉም። አባቴንስ አስታውሰዋለሁ፤ ድምፁም አረማመዱም አልጠፋኝም። ማሞን ግን ያን ሁሉ መንገድ ያዘልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከጀርባዬ ስለነበረ ይሁን እንጃ፣ ክብደቱና አንገቴ ላይ የሚተነፍሰው ትንፋሽ እንጂ ፊቱ አይመጣልኝም። ምን ይመስል ነበር ብዬ የምጠይቀው ሰው እንኳ አልቀረም።