የሚጥሚጣው መስኮት

ትናንት አንድ ባለሙያ የሳሎኔን የተሰበረ መስታወት ሲቀይር የማጣበቂያው ስቱኮ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። «በቃ እትዬ፣ ከእንግዲህ ብርድ አያስገባም» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ጉለሌ፣ አባቴ ግቢ ሄዶ ነበር፤ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ቤታችን እንጦጦ ሥር ነበር። ኅዳር ሲገባ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ ግን ሚጥሚጣ ካላበቀልኩ ብሎ ድርቅ አለ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረና ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ሞላበት፤ በላዩ አፈር አልብሶ ዘሩን ዘራ፣ ዙሪያውን በጣውላ ከበበው። ፋንድያው ሲብላላ መደቡን ከሥር ያሞቃል፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ግን ከላይ መስታወት ይፈልጋል። መስታወት ያለው ደግሞ የሳሎናችን መስኮት ብቻ ነበር። ነቅሎ መደቡ ላይ አጋደመው፣ በመስኮቱ ቀዳዳ ማዳበሪያ ከረጢት ወጠረበት።

«የሰርግሽን ሚጥሚጣ ከዚህ ነው የምለቅመው» ይለኝ ነበር፣ የመስታወቱን ጤዛ በመዳፉ እየጠረገ።

እኔ አፍር ነበር፣ ምን ልበልሽ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከረጢቱ ይንኮሻኮሻል፤ ልብሴ ሳይቀር ፋንድያ ፋንድያ ይሸታል። ጎረቤቱ «እነ መስኮት አልባ» እያለ ያላግጥብናል። የምወደው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲነግረኝ፣ ከደስታዬ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ያ ከረጢት ነው። ወላጆቹ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ።

እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ አባቴ ሰምቷል፤ ስለ ከረጢቱ ግን ትንፍሽ አላልኩትም። ብቻ ቅዳሜ ከረጢቱን በነጠላዬ ልሸፍን ስታገል በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ተይው» አለኝ።

ሲመሽ መስታወቱ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ ስቱኮው ገና እርጥብ ነው። ከረጢቱን ደግሞ መደቡ ላይ አልብሶታል።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባቴ ሰማቸውና እየሳቀ «አረፍ በሉ እንጂ፤ እዚህ ቤት ብርድ የለም» አላቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ሲያበራው አየሁ። ኮራሁ። ዛሬ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ኩራቴ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጓሮ ወጣሁ። ከከረጢቱ ላይ ውርጩ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ችግኞቹ ጠቁረው ተኝተዋል። አባቴ አጎንብሶ አንዱን በሁለት ጣቱ ቀና ያደርገዋል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ቀና ያደርገዋል። ለካ ማለዳ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ችግኞቹ መሞታቸውን አይቶ ኖሯል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲስቅ ያውቅ ነበር።

«አባዬ...»

«ሳሎኑ ሞቀ አይደል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ሞቀ» አልኩት።

የሰርጌ ሚጥሚጣ ከገበያ ተገዛ። አባቴ ሥጋውን አጥቅሶ ጎረሰና «እህ፣ ይሄም ያቃጥላል» አለኝ። እኔ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።