ሳምቡሳ የማይጠበስበት ቶርኖ ቤት

ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ላይ የተወራው እንዲህ ነበር፦ ሬድዋን ቶርኖ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ በጠራራ ፀሐይ ሳምቡሳ ይጠብሳል። ጠብሶም ለአፍጥር አያቆይም። ወሬውን ያስነሳው ጎረቤቱ፣ ጎሚስታው ባጫ ነው፤ ምስክሩ አፍንጫው ነበር። ቀኑ ሳይመሽ ሳምቡሳው የምስር መሆኑ፣ ቃሪያም እንደበዛበት ሁሉ ተጣራ።

በሩ መቆለፉ እውነት ነው። የኑግ ዘይት መሽተቱም እውነት ነው። ሳምቡሳ ግን የለም።

ሬድዋን በዚህ ቤት ብረት በቶርኖ ማሽን መቁረጥ ከጀመረ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ስለሆነ ሰላም ሲሉት ክርኑን ይሰጣል፤ ልማድ ሆኖበት ለዒድ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶም የሚዘረጋው ክርኑን ነው። ብረቱ እንዳይግል ዘይት የተበጠበጠበት ውሃ ያፈስበታል። ነጭ ሆኖ የገባው ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣና በቦዩ ወርዶ የእትዬ ደሳለች ጎመን ሥር ይተኛል። ቤቱም የእትዬ ደሳለች ነው። ጎመኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርቅ ከቸርች ሲመለሱ ጎራ አሉና፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ “ልጄ፣ ከዛሬ ወዲያ አንዲት ጠብታ ከዚህ በር ከወጣች አንተም ትከተላታለህ” አሉት።

በዚያው ሳምንት የቴክኒክ መምህሩ መሳይ አንድ ክብ ነገር ይዞ መጣ። ለዊልቸር ጎማ እምብርት የሚሆን፣ ከድንጋይ የጠነከረ ዱቄት ተቀላቅሎበት የቀለጠ አሉሚኒየም ነው። ሲያነሱት ቀላል፣ ሲቆርጡት ግን ስለቱን የሚበላ። ያለው ያ ብቻ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። እንዲህ ያለውን ብረት ሬድዋን ድሮ ቢሆን በባልዲ ውሃ ነበር የሚያጥበው። አሁን ውሃውን ካፈሰሰ ከቤቱ ይወጣል።

ስለዚህ ከባጫ ኮምፕሬሰር በግድግዳው ቀዳዳ የአየር ቱቦ ሳበ። ባጫ ለምን ሲለው “ለማጽጃ” ብሎ አለፈው። በዓይን መድኃኒት ብልቃጥ የኑግ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ አየሩ እንደ ጉም አድርጎ ስለቱ ጫፍ ላይ ይነፋዋል። ማሽኑን በዝግታ አስኬደው። ብናኙ ወጥቶ የጎመኑ መደብ ላይ እንዳያርፍም በሩን ቆለፈ። ዘይቱ የጋለውን ብረት ሲነካ መጥበሻ መጥበሻ ሸተተ፤ ሽታውም ቱቦው በገባበት ቀዳዳ ወጥቶ ከባጫ አፍንጫ ደረሰ።

ወሬው በተነሳ በሦስተኛው ቀን እትዬ ደሳለች ራሳቸው መጡ። ከኋላቸው በአጋጣሚ እዚያ ያለፍን አስራ አንድ ሰዎች ነበርን። እሳቸው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቦዩ ነው። ጣታቸውን ሰደዱ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ በሩን አንኳኩ። ሬድዋን ማስክ እንዳደረገ ከፈተ፤ በአንድ እጁ የሚያብረቀርቅ እምብርት፣ በሌላው ብልቃጡ። ባጫ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር መጥበሻ ፈለገ።

እትዬ ደሳለች ጣታቸውን ደግመው አዩት። “ጎመኑን ልዝራው?” አሉ።

“ይዝሩ፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ሥራህን ሥራ” ብለው ዞሩ።

ሬድዋን ማስኩን አወረደ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን።

“አስራ ሁለት ዓመት ጥቁር ውሃ ስደፋ በሬን ያንኳኩት እትዬ ብቻ ናቸው፤ ሳምቡሳ ሲሸት ግን ይኸው አንድም የቀረ የለም” አለ።