የኡም ናሲፍ ስጦታና የዛልፋ ተረከዝ

ወደ በረዶው ሜዳ በሚያወጣው መንገድ፣ መታጠፊያው ላይ ያለችው የኪራይ ሱቅ የምልሔም ነበረች። ምልሔም ሲሞት ሱቁንም ካቻቢቴውንም ቁጣውንም ለልጁ ለዛልፋ ጥሎላት ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤይሩት የሚመጣው ሰው መኪናውን መንገድ መሃል ገትሮ ሲገባ፣ ዛልፋ ፊቱን አታይም፤ እግሩን ነው የምታየው። "ተራራውን ሙሉ ልትሄድ ነው ወይስ ታች ከልጆቹ ጋር ልትንፏቀቅ?" ትለዋለች። በረዶ ላይ የሚሄድበትን ጣውላም፣ ጣውላው ላይ እግሩን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘውን ማሰሪያም እንደ መልሱ ትሰጠዋለች። ዋናው ደግሞ ማሰሪያው ነው። ጣውላማ ምን ያውቃል፣ እግር የነገረውን ነው የሚሰማው።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ ለራሷ ያባቷን አሮጌ ማሰሪያ ነበር የምታስረው። አንዱ ጠፍር ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አረንጓዴ። ዘንድሮ፣ በረዶው ገና ወገብ ሳይደርስ፣ አረንጓዴው ቁልቁለት መሃል ላይ ብጥስ አለ። ዛልፋም አዲስ ልትመርጥ አሰበች። ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ጠዋት ሕፃናት ታስተምራለች፣ ከሰዓት እስከ ጫፍ ትወጣለች፣ አዲስ በረዶ ሲጥል ከኋላ በኩል በድንጋዮቹ መሃል ትወርዳለች። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው በጣም ለስላሳው አይሆንም፣ እሱ ለሚዘሉ ልጆች ነው። በጣም ደረቁም አይሆንም፣ እሱ እንደ ጥይት ለሚወርዱ ተወዳዳሪዎች ነው። መሃለኛው ነው፤ ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል፣ ሲለቁት የሚመለስ።

ሳትገዛው ኡም ናሲፍ ቀደመቻት።

ኡም ናሲፍ ማለት የናሲፍ እናት ማለት ነው፤ ናሲፍ ደግሞ የዛልፋ እጮኛ። ናሲፍ ሌሊት በረዶውን የሚደለድለውን ትልቁን መኪና የሚነዳው ነው፤ ግዙፍ ልጅ ነው፣ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ወተት የደፋ ልጅ ይመስላል። ከዛልፋ በፊት ከዛህሌ ከተማ የመጣች እጮኛ ነበረችው። ኡም ናሲፍ ካፖርት ገዛችላት። ልጅቷ "ቀለሙ አይሄድልኝም" አለች። ፋሲካ ሳይደርስ ቀለበቱ ተመለሰ። ይሄን የማያውቅ እዚህ አገር ድንጋዩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ኡም ናሲፍ ሁለት እህቶቿን አስከትላ፣ ዛልፋ የዛታር ቅመም የተነሰነሰበት ቂጣዋን እየበላች ሳለ፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ይዛ ገባች። ስጦታ ብቻውን አይሄድም፤ ምስክር ይዞ ነው የሚሄደው። ዛልፋ ፈታችው። ማሰሪያ ነው። ከተረከዙ ኋላ የሚቆመውን መደገፊያ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አልነቃነቅ አለ፤ የቤተክርስቲያን አጥር በለው። መጠኑን አየች፤ የሷ እግር ገብቶበት ድመት ታስተኛበታለች።

ኡም ናሲፍ በኩራት አስረዳች። ጁኒዬ ከተማ ላለው ነጋዴ "የማይሰበረውን፣ ደረቁን ስጠኝ" አለችው። መጠኑንም ሆን ብላ ነው አንድ ቁጥር ያስጨመረችው።

"ስትወልጂ እግርሽ ያብጣል ልጄ። የኔ አብጦ እዚያው ቀረ።"

እህቶቿ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የነሱም ቀርቷል። ዛልፋም ቂጣዋን አስቀምጣ፣ "እጅዎ ይባረክ" አለች። ኡም ናሲፍ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ይዛ እንደምትመጣ፣ ከቁልቁለቱ ስር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጣ ሙሽራዋ በስጦታዋ ስትወርድ እንደምታይ ተናግራ ወጣች።

ዛልፋ ናሲፍን ጠራችው፤ ለእናትህ አንተ ንገራት አለችው። እሱ ጣራውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሁለት ካልሲ ደርቢበት አላት።

"አንተ በረዶውን ትደለድላለህ፣ እናትህ አንተን ትደለድልሃለች" አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወዳዋለች እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው። እምቢ ካለች እንደ ዛህሌዋ ልጅ ልትሆን ነው። እሺ ካለች ደግሞ ዛሬ ማሰሪያ፣ ነገ መጋረጃ፣ ከነገ ወዲያ የልጇ ስም፤ ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው በለካላት ልትሄድ ነው።

እሁድ ሁለት ካልሲ ደረበች፣ ባለጥርሱን ጠፍር እስከ መጨረሻው ጥርስ ሳበችና በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው በሚያወጣው ወንበር ወጣች። ላይኛው ላይ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ምንም አልሆነች። ድንጋዮቹ ጋ ስትደርስ ግን ተረከዟ ከስሩ እየተነሳ፣ እሷ ስትዞር ጣውላው ዘግይቶ ይዞራል። መደገፊያው ደግሞ ባቷን እንደ ጡብ ይገፋታል። ከስር የሕፃናቱ ሰልፍ ነበር፣ እንደ ዳክዬ ተከታትለው። ልትታጠፍ ብላ ጣውላው እምቢ አላት። ዛልፋም ራሷን በጎኗ ጣለች። በረዶው እላያቸው ላይ ተረጨ፣ አንዷ ሕፃን ሳቀች፣ ማንም አልተነካም።

እዚያው ተቀምጣ ታች አየች። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ኡም ናሲፍ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታያለች። ተነስታ ቀስ ብላ ብትወርድ ማን ያውቅባታል? ወደቀች ይባላል፣ ያልቃል። እሷ ግን ማሰሪያውን ፈታች፣ ጣውላውን ብብቷ ስር ሸጎጠች፣ በእግሯ ወረደች። የምልሔም ልጅ ከተራራ በእግሯ! ሰው እግሯ የተሰበረ መስሎት ነበር።

ኡም ናሲፍ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ስጦታዬ ከበደሽ?"

ዛልፋ ጣውላውን እግሯ ስር አነጠፈችላት።

"አክስቴ፣ እስቲ እግርዎን ያስገቡ።"

ትልቋ እህት ዊዳድ ሳቋን በመሀረብ ያዘች። ኡም ናሲፍ ሰው እያያት ወደኋላ የምትል ሴት አይደለችም፤ ቦት ጫማዋን አስገባች። ዛልፋ ተንበርክካ እስከ መጨረሻው ጥርስ አሰረችላት።

"አሁን ተረከዝዎን ያንሱ።"

ተነሳ። ጠፍሩ እንደታሰረ ተረከዟ ተነሳ።

"እኔም ድንጋዮቹ ላይ እንደዚህ ነበርኩ" አለች ዛልፋ። "የሰው ልጅ ላይ ልወጣ ነበር። ስጦታዎን አከብራለሁ፣ ይሄን ግን ዳግመኛ አላስረውም። ለዚህ ብለው ቀለበቱን ካስመለሱኝ፣ ያስመልሱኝ።"

ኡም ናሲፍ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

"ሀውላ፣ የሰርግሽ ጫማ ትዝ ይልሻል?" አለች ዊዳድ እህቷን በገዛ ስሟ ጠርታ፣ ነገር ወዳድ ናትና። "አማትሽ ያብጣል ብላ አስተልቃ የገዛችው፣ የቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ጥለሽው የሄድሽው።"

"ዝም በይ አንቺ።" ከዚያ ወደ ዛልፋ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጥጥ ቢጠቀጠቅበትስ?" አለች።

"እርስዎ ጠቅጥቀው ነበር?"

"ነበር።"

"ጠቀመዎ?"

ኡም ናሲፍ ተረከዟን አንዴ ደግማ አነሳች። "ፍቺልኝ" አለችና ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ከዚያማ መንደሩ ቀለበቱን አስመለሰው። ዳቦ ቤት ተመለሰ ተባለ፣ ፋርማሲ ተመለሰ ተባለ። ናሲፍ እንኳ ሱቁ ደጃፍ መጥቶ፣ ሳይገባ፣ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ዛልፋ የሰው ማሰሪያ እያጠበቀች ውላ ታድራለች፣ ማንንም አትጠይቅም።

ማክሰኞ የኡም ናሲፍ መኪና ሱቁ ፊት ቆመች። "ቦት ጫማሽን ያዢና ግቢ" አለቻት፣ ሌላ ቃል የለም። ጁኒዬ ድረስ ወረዱ። ነጋዴው ያለውን ሁሉ ደረደረ። ኡም ናሲፍ እያንዳንዱን መደገፊያ፣ ባድንጃን የሚባለውን አትክልት ገበያ ላይ እንደምትመርጥ ሴት፣ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። "ይሄ ለሾርባ ነው" ትላለች ለለስላሳው፤ "ይሄስ ድንጋይ" ትላለች ለደረቁ። ዛልፋ መሃለኛውን፣ ከጣውላዋ ቀዳዳዎች ጋር የሚገጥመውን አነሳች። ያን ጊዜ ኡም ናሲፍ ከነጉልበት ሕመሟ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጠፍሩን ሳበችላት።

"ተረከዝሽን አንሺ።"

አልተነሳም።

"ስታረግዢስ?"

"ሳረግዝ ተራራ ላይ ማን አወጣኝ አክስቴ?"

ኡም ናሲፍ አሰበችበት። "እውነትሽን ነው" አለች፣ ነጋዴውንም ጠቅልለው አለችው።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ኡም ናሲፍ የሙሽራዋን ጫማ ልትገዛ ስትሄድ ዛልፋን ይዛት ሄደች፤ ጫማ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ተረከዟን ስታስነሳት ነው የዋለችው አሉ።