ገብስማዋ የታቀፈቻቸው እንቁላሎች

ከዶርማችን ጀርባ፣ ከግቢው አጥር ማዶ፣ አንድ አውራ ዶሮ አለ። አይቼው አላውቅም። ድምፁ ግን ቀጭን ነው፤ ገና ያልጎረነነ ልጅ ትልቅ ሰው ለመምሰል ሲጮኽ የሚያወጣውን ድምፅ ይመስላል። የክፍል ጓደኞቼ ይስቁበታል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት የያዝኩትን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። የእንጅባራ የጠዋት ጉም፣ የከሰል ጭስ፣ ዝናብ የጠገበ የቀርከሃ አጥር ሽታ አንድ ላይ መጡብኝ። ከሁሉም ፊት ደግሞ ጋሽ አያሌው መጡ።

ጋሽ አያሌው ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከእንጅባራ ጫግኒ የሚመላለስ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸውም ጫግኒ አግብታ ስለምትኖር ብቻቸውን ነበሩ። ከሥራቸው ይዘው የቀሩት አንድ ሰማያዊ ካፖርትና፣ አንድ ተሳፋሪ በካርቶን አድርጎ የሰጣቸው ሁለት ድንክ ዶሮዎች ናቸው።

ዶሮዎቹ ከእርግብ ብዙም አይበልጡም። አውራው ወርቃማ አንገትና ጥቁር ጅራት ነበረው፤ እግሩ እስከ ጣቱ በላባ ስለተሸፈነ ሱሪ የረዘመበት ሕፃን ይመስላል። ሴቷ ቡናማ ናት፤ መሬቱ የሚያንቀላፋ ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትረግጠው። ጋሽ አያሌው ከቀርከሃ ቤት ሠሩላቸው፣ ጣሪያውንም አሮጌ ሸራ አለበሱት። ከሰው ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ከዶሮዎቹ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣

"እነሱ ትምህርት ቤት አልገቡማ" አሉኝ።

ፀሐይ በወጣ ቀን አውራውን ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና ያጥቡታል። ከዚያ በካፖርታቸው ጠቅልለው፣ ራሱን ብቻ አውጥተው ደረጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሲደርቅ ቀይ ቁንጮውን ቫዝሊን ይቀቡታል። በእኛ ሰፈር ዶሮ የሴትና የልጅ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ ሳይናገር አያልፍም።

"ጋሽ አያሌው፣ ክርስትና ሊያስነሱት ነው?"

"አዎ። አበልጅ ጠፍቶብኝ ነው፤ አንተ ትሆነኛለህ?"

አንድ ጊዜ ከተማው ውስጥ የግብርና ባዛር ሲከፈት አውራውን ይዘውት ሄዱ። እኔና እናቴም ልናይ ሄድን። በሽቦ ቤት ውስጥ ከተደረደሩት ትልልቅ ነጫጭ ዶሮዎች አጠገብ የጋሽ አያሌው ዶሮ ከመዳፋቸው ላይ ቆሞ ነበር።

"አባባ፣ ይሄ ዶሮ ነው እርግብ?" አለ አንድ ወጣት።

"ዶሮ ነው። እርግብ ብትለውም አይቀየምህም።"

አውራው ያን ጊዜ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ አንገቱን ስቦ በዚያ በቀጭን ድምፁ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽልማቱ ብዙ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ ስለነበር ምንም አላገኙም፤ ግን እንዳሸነፈ ሰው በየበሩ እየቆሙ እያወሩ ነው ቤት የገቡት። "ይሄን ዘር ሰፈሩ ውስጥ ሳላበዛው አልሞትም" አሉ የዚያን ቀን።

ፋሲካ እንዳለፈ ሽለምጥማጥ የቀርከሃውን ቤት ሰብሮ ሴቷን በላት። ዶሮዎቹን የሰጣቸው ሰው የት እንዳለ አይታወቅም። አውራው ብቻውን ቀረ፤ ሴቷ የጣለቻቸው ጥቂት ትናንሽ እንቁላሎችም ጤፍ በያዘ ሳህን ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌላ ዶሮ ካልታቀፈቻቸው ዘሩ እዚያው ያበቃል።

በዚያው ሳምንት የእኛ ገብስማ ዶሮ እንቁላል መጣሏን ትታ፣ ከባዶ ጎጆዋ አልነሳም አለች። እናቴ ተበሳጨች። ጥሊሊ ያለችው እህቷ ወልዳ ስለነበር፣ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ልትወስድላት አስባ ነበር። በእኛ አካባቢ ዶሮ ሳይፈለግ ልታቀፍ ስትል ጎረቤት ትላካለች፤ ሰው ቤት ስትሰነብት መታቀፉ ይረሳታል ይባላል። እናቴ ገብስማዋን አስይዛ ጋሽ አያሌው ዘንድ ላከችኝ። "ቅዳሜ እወስዳታለሁ በያቸው" አለች።

ቅዳሜ ስንሄድ ጋሽ አያሌው ኮፍያቸውን አውልቀው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ገብስማዋ ከአልጋቸው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ጭድ ላይ ተቀምጣ፣ ላባዋን ነፍታ ታየናለች።

"ምን አስታቅፈዋት ነው?" አለች እናቴ።

"የሟቿን ነው፣ ሙሉ" አሉ እናቴን በስሟ ጠርተው። "ልነግርሽ ሁለቴ መጥቼ ከበርሽ ተመለስኩ።"

"እኔ እንድትረሳ ልኬ፣ እርስዎ ጭራሽ ያስታውሷት?"

ጋሽ አያሌው ወደ ውጭ ወጡ። ሲገቡ አውራውን ይዘው ነበር።

"እሱን ለአራሷ ውሰጂላት፤ ይቺን ተይልኝ።"

ይህን ሲሉም ከደረታቸው አላላቀቁትም። አውራው ምንም ሳያውቅ የካፖርታቸውን ቁልፍ ይለቅማል።

"ይሄንን ብወስድላት ጫጩት መስሏት ታሳድገዋለች እንጂ ታርደዋለች እንዴ!" አለች እናቴ። ልትስቅ ጀምራ እንዴት አጥብቀው እንደያዙት አየችና ተወችው።

ሰማዩ ከጥርባ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ነጎድጓዱ አጉረመረመ፣ ዝናቡም ጀመረ። እናቴ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለች።

"ብረት አድርገውበታል?"

"የምን ብረት?"

ነጎድጓድ የታቀፈ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል ጎጆው ውስጥ ብረት ይቀመጣል። ሰፈራችን ያለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ጋሽ አያሌው ግን አልሰሙም ነበር።

"ዕድሜ ልክዎን ቤት የሚያህል ብረት ሲነዱ ኖረው አንዲት ምስማር አጡ?" አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ወደ ዝናቡ ወጣች። ስትመለስ የማጭድ ስባሪ ይዛ ነበር። ከገብስማዋ ሆድ ሥር ቀስ አድርጋ አስገባችው። ስለ መውሰድ ማንም አላነሳም። ጥሊሊ የሄደችው ቅቤ ይዛ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ጨው ልበደር እያለች ገብስማዋን ልታይ ትሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ጋሽ አያሌው በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

"ሙሉ! ሙሉ! ከውስጥ እያንኳኩ ነው!"

"እንዳይነኳቸው! ራሳቸው ይወጣሉ!"

ሁሉም አልወጡም። የወጡት ግን ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጡም ነበር። ገብስማዋ መጀመሪያ በአንድ ዓይኗ፣ ቀጥሎ በሌላው አየቻቸውና ክንፏን ከፈተችላቸው። ጋሽ አያሌው ካፖርታቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ እናቴም እንዳላየች ሆነች።

ጫጩቶቹ አድገው ሲበዙ ጋሽ አያሌው ለየግቢው አደሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ደግሞ ጥሊሊ፣ ለአክስቴ ልጅ ላኩለት። ኋላ ብርዱ ጉልበታቸውን ስለጎዳው ልጃቸው ጫግኒ ወሰደቻቸው። ያረፉትም እዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ጥሊሊ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ጨቅላ የነበረው የአክስቴ ልጅ አሁን ተማሪ ነው፤ ግቢያቸውም በድንክ ዶሮዎች ተሞልቷል። ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ በር ላይ ቆሞ፣

"አያሌው አላችሁ?" አለ።

ደነገጥኩ። ልጁ ግን "ወንዱን ነው ሴቷን?" ብሎ ተነሳ።

ጥሊሊ ውስጥ የዚህ ዶሮ ስሙ አያሌው ነው። ሴቷም አያሌው ናት። ገበሬው ሲሄድ ልጁን ጠርቼ፣ "አያሌው ማን እንደነበሩ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ሰው ነበር እንዴ?" አለኝ።

አጠገቤ አስቀመጥኩትና ከአውቶቡሱ ጀመርኩለት።